አንዴ በኦፕራሲዮን ወልዶ በምጥ መውለድ ይቻላል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ በቅድሚያ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ጥያቄሽን ሳነበው የራሴን ታሪክ መሰለኝ። የመጀመሪያ ልጅሽ በመቀመጫው ስለመጣ በኦፕራሲዮን ወለድሽ፤ እሱ አሁን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ አንቺም ሰባት ወርሽ ነው። በምጥ መውለድ ትፈልጊያለሽ፤ አማትሽ ግን «አንዴ ሆዷ የተቀደደ ሴት አታምጥም» ይሉሻል።

እኔም የመጀመሪያዋን በዚሁ ምክንያት በኦፕራሲዮን ወልጄ፣ ሁለተኛውን ከሦስት ዓመት በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ በምጥ ተገላግያለሁ። ይቻላል። ግን ለሁሉም ሴት አይደለም፤ የትም ቦታም አይሞከርም።

ከሁሉ በፊት ማህፀንሽ እንዴት እንደተቆረጠ እወቂ። ቆዳሽ ላይ የሚታየው ጠባሳ አይነግርሽም። ውጭው በአግድም ተቆርጦ ማህፀኑ ቁልቁል የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ታች በኩል በአግድም ከሆነ በምጥ መሞከር ይቻላል። ላይኛው ክፍል ቁልቁል ከተቆረጠ ግን ማህፀኑ በምጥ ሰዓት የመተርተር አደጋው ብዙ እጥፍ ስለሆነ አይሞከርም።

የእኔ የመውጫ ወረቀት «በኦፕራሲዮን ወልዳለች» ብቻ ነበር የሚለው። ወደ ወለድኩበት ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ካርድ ክፍል ሁለቴ «የለም» ብለው መለሱኝ። በሦስተኛው አንዲት ልጅ ከመደርደሪያው ሥር ካርቶን ጎትታ፣ አቧራውን እያራገፈች ፋይሌን አወጣችልኝ። ዶክተሬ ገለጥ አድርጋ አነበበችና «ታች በኩል፣ በአግድም» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

አንዴ ብቻ እንዲህ ተቆርጠው በምጥ ከሚሞክሩ 100 ሴቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። የአንቺ ምክንያት የግድ የሚደገም ስላልሆነ ዕድልሽ ጥሩ ነው፤ የአሁኑ ልጅ በጭንቅላቱ ከመጣ ማለቴ ነው። ምጥ አልገፋ ብሏት ኦፕራሲዮን የገባች ሴት ዕድሏ ከዚህ ዝቅ ይላል። የሁለቱ ወሊዶች ልዩነት ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ቢሆን አደጋው ይጨምር ነበር፤ አንቺ እሱን አልፈሻል።

የጠባሳው መተርተር ከ200 ሴቶች አንዷን ገደማ ነው የሚያገኛት። ትንሽ ይመስላል። ሲደርስ ግን ለእናትም ለልጅም የደቂቃ ጉዳይ ነው። እኔ የምከታተለው ጤና ጣቢያ ነበር። አዋላጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን ኦፕራሲዮን ክፍል ስለሌላቸው ራሳቸው ሪፈር ጻፉልኝ። ሆስፒታል ስትመርጪ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብመጣ የሚያደነዝዘውም ኦፕራሲዮን የሚሠራውም ግቢ ውስጥ አለ? ደምስ?» ብለሽ ጠይቂ። «ተደውሎ ይጠራል» ካሉሽ ሌላ ፈልጊ።

ምጤ ሲጀምር ቤት አልቆየሁም። ወዲያው የልጁን የልብ ምት የሚከታተል ማሽን ሆዴ ላይ አሰሩልኝ። አዋላጇ በየመሀሉ እጇን ጠባሳዬ ላይ ታሳርፍና «ምጡ ሲለቅሽ እዚህ ጋ ያምሻል?» ትለኝ ነበር። ምጥ መጥቶ ይሄዳል። ጠባሳሽ ጋ የማይለቅ ሕመም ከተሰማሽ ወይም ደም ካየሽ ሳትሳቀቂ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ደግሞ ቀኑ አለፈ ብሎ ማንም ሚሶፕሮስቶል የሚባለውን የምጥ ማምጫ ኪኒን እንዳይሰጥሽ። ጠባሳ ላለው ማህፀን አደገኛ ነው።

ምጡ ተጀምሮም ወደ ኦፕራሲዮን ሊኬድ እንደሚችል ከባልሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። ጓደኛዬ የማህፀን በሯ ስምንት ሴንቲ ከተከፈተ በኋላ ነው አልከፈትም ብሏት ኦፕራሲዮን የገባችው። ብዙ ሰው «አቃታት» ብሎ አወራባት፤ እኔን በጣም ነው ያናደደኝ። እሷም ልጇም ደህና ናቸው።

ፋይልሽን ፍለጋ ዛሬ ነገ አትበዪ፤ ሆድሽ ከገፋ በኋላ መመላለሱ ይከብዳል። ስታገኚው ምን እንደሚል ጻፊልኝ።