ባትሪና አሲድ ከኮምቦልቻ ወደ ላስታ ስለ መላክ ለተጠየቀው

እህቴ ሰላም ነው? ሌላውም ሰው እንዲከተለው ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ላስታ ውስጥ ላለ ጤና ኬላ ከኮምቦልቻ ሁለት ባለ 200 አምፒር ጄል ባትሪ፣ አንድ ባለ 100 አምፒር ሊቲየም፣ ለጄኔሬተር ማስነሻ ደግሞ አንድ የአሲድ ባትሪ ከ5 ሊትር አሲድ ጋር መላክ ፈልገሻል። «የቤት ዕቃ ብዬ በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላስጭነው ወይስ እስከ ላሊበላ በአውሮፕላን ይሂድ? አሮጌዎቹንስ ምን ላድርጋቸው?» ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ ሁሉም መንገድ አለው። «የቤት ዕቃ» የምትለዋን ግን ከሁሉ በፊት ሰርዣት። ሹፌሩ ባትሪ መሆኑን ካላወቀ ከላዩ ጤፍ ይጭንበታል፤ ጫኙ ካላወቀ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ጭስ ሲሸት ደግሞ ምን እየነደደ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። በባትሪ ጭነት የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚጀምረው ስሙ ከተደበቀበት ሰዓት ነው።

ልትልኪያቸው ያሰብሻቸው አራት ዕቃዎች በዓለም አቀፉ የአደገኛ ጭነት ምደባ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሲድ የተሞላ ባትሪ ዩኤን (የተባበሩት መንግሥታት መለያ ቁጥር) 2794፣ የማይፈስ የታሸገ (ጄል ወይም ኤጂኤም) ዩኤን 2800፣ የባትሪ አሲድ ለብቻው ዩኤን 2796 ነው። ሦስቱም ክፍል 8፣ ማለትም የነካውን አካልና ብረት የሚያቃጥል፣ ይባላሉ። ሊቲየም አዮን ለብቻው ሲላክ ዩኤን 3480 ሆኖ ክፍል 9 ይገባል። ቁጥሮቹን ካርቶኑ ላይ ታገኛቸዋለሽ፤ በደረሰኙና በዕቃ ዝርዝሩ ላይም ይጻፉ።

የአውሮፕላኑን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ሊቲየሙ 12.8 ቮልት በ100 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 1,280 ዋት ሰዓት ነው፤ ዋት ሰዓት ባትሪው የሚይዘው ጉልበት መለኪያ ነው። መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ በእጁ ይዞ የሚገባው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ ይገባል፤ ከ160 በላይ በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም። ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አዮን በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከልክሏል። በጭነት ብቻ አውሮፕላን ሲሄድም ከ30 በመቶ ያልበለጠ ቻርጅ ይዞ ነው። ስለዚህ ያንቺ ሊቲየም በመንገደኛ በረራ ላሊበላ አይገባም። ጄሉ የንዝረትና የግፊት ፈተና ያለፈበት ወረቀት ካለው በጭነት ክፍል ሊጠየቅለት ይችላል፤ ግን አንዱ ባለ 200 አምፒር ወደ 60 ኪሎ ይመዝናልና ዋጋው አያዋጣሽም። አሲዱን በአውሮፕላን አታስቢው። የስልክ ፓወር ባንክ የጠየቁ ነበሩ፤ ባለ 20,000 ሚሊ አምፒሩ 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከሰው ጋር በእጅ ሻንጣ ይገባል፣ በሚጫን ሻንጣ ግን አይገባም።

ስለዚህ በመኪና ነው። ፖርቶመጋላ ግን አይሆንም። 60 ኪሎ ከላይ ተጭኖ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐራጎን መጠምዘዣ ሲወጣና ሲወርድ ለመኪናው ሚዛን አይበጅም፤ ሲወርድም አንድ ሰው ከጣሪያ በትከሻው የሚያወርደው ክብደት አይደለም። አሲድና ሰው ደግሞ አንድ መኪና ላይ መሆን የለባቸውም። አይሱዙ የጭነት መኪና ፈልጊ፤ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ ወልድያ የሚገባ፣ ከዚያም ድልብን ወጥቶ በጋሸና ላሊበላ የሚታጠፍ። ወልድያ ላይ ወደ ሌላ መኪና ከሚገለበጥ አንድ መኪና ጨርሶ ቢወስደው ይሻላል፤ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በማውረድና በመጫን ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፎቹ። አንዱ ጄል ባትሪሽ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት በውስጡ ይዟል፤ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ የለውም። ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን የሚወጣ አይሱዙ ብዙ ጊዜ ምን ይጭናል? ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ሚስማር። አንዱ የፌሮ ጫፍ ከመንገዱ ንቅናቄ ተንሸራቶ ሁለቱን ጫፎች በአንድ ላይ ከነካ ከሺህ አምፒር በላይ በዚያ ብረት ያልፋል፤ ፌሮው ይግላል፣ ጫፉ ይቀልጣል፣ ከጎኑ ያለው ካርቶን ይያያዛል። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ነው፤ ሹፌሩ ጋቢና ሆኖ አያየውም።

መከላከያው ርካሽ ነው። የጫፎቹን ብሎኖች ፍቺና በትንሽ ፌስታል አድርገሽ በባትሪው ጎን በፕላስተር አጣብቂያቸው። ከፋብሪካው የመጣ የፕላስቲክ ክዳን ካለ ክደኚው። ከሌለ የብስክሌት ከመነዳሪ በአራት ጣት ስፋት ቆርጠሽ ድርብ አድርገሽ ጫፉ ላይ አጥልቂና በኤሌክትሪክ ፕላስተር ዙሪያውን እሰሪው። ፕላስተር ብቻውን አይበቃም፣ በሙቀት ይላላል። ከዚያ ላይ ወፍራም ካርቶን፣ ከዚያ ጣውላ። ገመዱ በጫፎቹ ላይ አይለፍ፤ በሽቦ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰር። ካቻቪቴና ቁልፍ ከባትሪው ጋር በአንድ ሳጥን አይሂዱ፤ መሣሪያው አብሮ ይድረስ ተብሎ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሳጥኑ ከጣውላ ይሁን፤ ሁለት ሰው የሚይዝበት የገመድ እጀታ በግራና በቀኝ ይኑረው። በውስጡ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ አድርጊ። ጭድ አትጠቀሚ፤ በእጅ ስላለ ነው ሰው የሚጠቀምበት፣ ግን ብልጭታ ካገኘው መጀመሪያ የሚነደው እሱ ነው። በሳጥኑ አራቱም ጎን ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስትና «ባትሪ፣ አይገልበጥ፣ ከላዩ አይጫን» የሚል በትልቁ ይጻፍ። ጄል በጎኑ ቢተኛ አይፈስም፤ ተዘቅዝቆ ግን መሄድ የለበትም፣ የጋዝ መተንፈሻው ይታፈናል። ቦታው የመኪናው ወለል ላይ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው፤ ጭራው ጋ መንገጫገጩ ይበዛል። ባትሪ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ወዲያው አይታሸግ፤ ሃይድሮጅን ይለቃልና፣ አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ደግሞ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ቢያንስ አንድ ሌሊት አየር ባለበት ይደር።

ሊቲየሙን ከሌሎቹ ለይተሽ ከኋላ በር አጠገብ አስቀምጪው፤ ችግር ቢመጣ መጀመሪያ ወደ ውጭ የሚወጣ እሱ እንዲሆን። የሚጫነው በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ቻርጅ፣ ማጥፊያ ካለው ጠፍቶ ነው። ጎኑ ካበጠ፣ ከወደቀ ወይም እርጥበት ከገባበት አይላክ፤ ወደ ሻጩ ይመለስ። መንገድ ላይ ከጋለ፣ ከፏጨ ወይም ያልተለመደ ጣፋጭ ሽታ ካመጣ መኪናው ይቁም፣ ሰው ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይራቅ። እሳት ከያዘ የሚያበርደው ብዙ ውሃ ነው፤ ጭሱ መርዝ ስለሆነ አፍንጫ በነጠላ ሸፍኖ መጠጋት አያዋጣም። ጠፋ ተብሎም ተመልሶ መጫን የለም፣ ከሰዓታት በኋላ ሊነሳ ይችላል።

አሲዱን በተመለከተ የኔ ምክር አትላኪው ነው። ለጄኔሬተሩ ውሃ የማይጨመርበት የታሸገ ባትሪ ከገዛሽ ጣጣው ሁሉ ያልቃል። የግድ ከሆነ ባትሪው ደረቁን ይሂድ፣ አሲዱ ለብቻው በፋብሪካው ጀሪካን ከነውስጥ ክዳኑ። ጀሪካኑ እስከ አፉ አይሞላ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፤ ከድልብ በላይ ደግሞ መንገዱ ከዚያም ከፍ ይላል። ከፍታ ሲጨምር በጀሪካኑ ውስጥ ያለው አየር ይነፋና ክዳኑን ይገፋል። ስለዚህ ጀሪካኑን ክዳን ባለው ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አድርጊ፣ ዙሪያውን ደረቅ አሸዋ ሙዪ፣ ቆሞ ይታሰር።

በሃይላንድ ጠርሙስ አሲድ መላክ ግን ሰው መግደል ነው። የባትሪ አሲድ እንደ ውሃ ነጭ ነው፣ አይሸትም። ከቀኑ ሙቀት ጋር ጥም የያዘው ረዳት ወይም ልጅ ያን ጠርሙስ ቢያነሳ ምን እንደሚሆን አስቢው። አንድ ሊትርም ብትሆን በሃይላንድ አትሂድ።

አሲድ ሰውነት ላይ ከፈሰሰ የነካውን ልብስ አውልቆ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው፤ ዓይን ከሆነ እያጠቡ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ። ቤኪንግ ሶዳ የመኪናው ወለል ላይ የፈሰሰውን አሲድ ለማርከስ ነው እንጂ ለዓይን አይደለም። ስለዚህ ጋቢና ውስጥ 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ግማሽ ኪሎ ቤኪንግ ሶዳ፣ የጎማ ጓንት ይኑር። እዚያ ደርሶ አሲድ ማቅጠን ካስፈለገ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ነው፤ ውሃ ወደ አሲድ ከተጨመረ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ለኬላ ፍተሻ የሻጩ ደረሰኝ፣ የእያንዳንዱ ባትሪ ሴሪያል ቁጥር፣ ከጤና ኬላው ወይም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ይዘጋጅ፤ አንዱ በሹፌሩ እጅ፣ አንዱ በሳጥኑ ላይ በላስቲክ ተለጥፎ። ስሙ ያልተጻፈ ከባድ ሳጥን በየኬላው ይከፈታል፤ በቢላዋና በብረት ሲከፈት ደግሞ የሸፈንሽው ጫፍ ይገለጣል።

መኪና የማይገባበት የመጨረሻው መንገድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። 60 ኪሎ ባትሪ በአንድ ጎን ተጭኖ በቅሎም አህያም አይራመድም፤ ሁለቱን በሁለት ጎን ካደረግሽ 120 ኪሎ ይሆናል፣ ይህ ለእንስሳው ግፍ ነው። ገና አልገዛሽ ከሆነ በሁለት ባለ 200 ፈንታ አራት ባለ 100 ግዢ፤ እያንዳንዱ 30 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በበቅሎ ግራና ቀኝ አንዳንድ ተመጣጥኖ ይሄዳል፣ ጠቅላላ ጉልበቱም ያው ነው። ተገዝቶ ካለቀ ግን ቃሬዛ ይሻላል፤ አራት ሰው፣ ባትሪው መሐል ላይ ቆሞ ታስሮ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ትከሻ እየተቀያየሩ። ሕመምተኛ ለሚሸከም አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሲደርስ ከመገጠሙ በፊት ጄሉን በቴስተር ለኩት። 12.8 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷልና በዚያው ቀን ቻርጅ ይግባ፣ እንዲሁ ከተቀመጠ ሰልፌት ይይዘውና አቅሙን ያጣል። በሁለቱ መካከል የ0.2 ቮልት ልዩነት ካለ ሳይያያዙ ለየብቻ ይሞሉ።

አሮጌዎቹን እዚያ አታስቀሪያቸው። ያረጀ የእርሳስ ባትሪ አደገኛ ቆሻሻ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 የሚመለከተው ነው። አሲዱን ከደጅ አፍስሶ ሳጥኑን ለልጅ መጫወቻ መስጠት፣ ወይም እርሳሱን በማድቤት እሳት ማቅለጥ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ያ አፈር ደግሞ ለዓመታት መርዝ ሆኖ ይቀራል። ክዳኑ ሳይከፈት፣ አሲዱ በውስጡ እንዳለ፣ እንደ አዲሱ ጫፉ ተሸፍኖ ቆሞ፣ ባዶውን በሚመለሰው አይሱዙ ይጫን። የተሰነጠቀ ካለ በወፍራም የፕላስቲክ ሣፋ ውስጥ ይሁን። አዲሱን ስትገዢ ሻጩ አሮጌውን ተረክቦ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ እንደሚያስረክብ በደረሰኙ ላይ አስጽፊው፤ ከገዛሽ በኋላ ብትጠይቂው የሚሰማሽ የለም።

የሊቲየሙን ሞዴል ፎቶ እዚህ ብትለጥፊው የማጥፊያውን ቦታና በምን ያህል ቻርጅ እንደሚጫን አይቼ እጽፍልሻለሁ።