ሻንጣችሁ ውስጥ ያለው ብልቃጥ

አሜሪካ 19 ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁ። አሁን የምኖረው አያት ጫፍ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ በሚጀምርበት ሰፈር ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድና ጓደኛ እኔ ቤት ቡና ሳይጠጣ አይመለስም። ሻንጣ ሲከፈት አያለሁ። ወደ አገር ቤት ሻንጣ ለምታዘጋጁ ሁሉ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ በተለይ ቆዳ ያቀላል ስለሚባለው ብልቃጥ። የሚከፋችሁ ካለ ይክፋችሁ።

1. ወረቀት

ፓስፖርታችሁና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁ ጊዜ እንዳያልፍበት፣ ኮፒም ያዙ። በቃ።

2. ኪሎ

አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድላችሁ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። መርካቶ የሞላውን ሻምፖና ቲሸርት አትሸከሙ። ሰው የጠየቃችሁን ሁሉም አታምጡ። በቴሌግራም ፎቶ ተልኮላችሁ “ይቺን ብቻ” ሲባል፣ ምን እንደሆነች ሳታውቁ “እሺ” አትበሉ።

3. ግሉታታዮን

ላለፉት ጥቂት ዓመታት “ይቺን ብቻ” የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው። ቆዳ ያቀላል የተባለ ብልቃጥ ወይም እንክብል። ስለዚህ ምን እንደሆነ እንወቀው።

ግሉታታዮን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። ግሉታሚክ አሲድ፣ ሲስቲንና ግላይሲን ከሚባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ይሠራል። በየሴሉ አለ፤ ጉበት ውስጥ ደግሞ በብዛት ይገኛል። ሥራው ጥበቃ ነው። ፀሐይና የሲጋራ ጭስ ቆዳችን ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ቅንጣቶችን ይፈጥራሉ። እነሱም ሴሉን ይጎዳሉ፣ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን ያፈርሳሉ። ግሉታታዮን ከቫይታሚን ሲና ኢ ጋር ተጋግዞ ያከሽፋቸዋል። አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ይኼ ነው።

ታዲያ ማቅላቱ ከየት መጣ? ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚሠራው ታይሮሲኔዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ግሉታታዮን ሲበዛ ይህን ኢንዛይም ያዳክመዋል። የሚመረተውም ሜላኒን ከጥቁሩ ወደ ቀላ ያለው ያደላል። ጥቁሩ ሜላኒን ግን ከፀሐይ ጨረር የሚከልለን እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ ሰፈር ደግሞ ዛፍ እንኳ ገና አልበቀለም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ የሚመታትን ልጅ ከለላዋን ግፈፉላት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በአፍ የሚዋጠው አብዛኛው አንጀት ውስጥ ይፈርሳል። ሰው ወደ መርፌው የሮጠው ለዚህ ነው። እንደ ጉሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን ቆዳ ለማቅላት የፈቀደው አንድም መርፌ የለም። ይህ መርፌ በብዛት የሚወሰድባት ፊሊፒንስ የመድኃኒት ባለሥልጣኗ በ2011 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ኩላሊት፣ ጉበትና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ቆዳ እንደ ቃጠሎ የሚልጥ ከባድ አለርጂም ሊያስነሳ ይችላል። እዚያ አገር መርፌው የተፈቀደው ሲስፕላቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት ለሚወስዱ ሕሙማን አጋዥ እንዲሆን ነው። ለሰርግ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ታናሽ እህቴ ልታገባ ስትል ብልቃጡን የላክሁላት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ከኢንተርኔት ገዛሁ፣ በፌስታል ጠቀለልኩ፣ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀል በማርከር ስሟን ጻፍኩበት። እዚህ አንዲት የውበት ሳሎን ውስጥ ፀጉር የምትሠራ ልጅ ወጋችላት። የሕክምና ትምህርት አልነበራትም። እህቴ ለሰርጓ ቀላች። ፎቶውን አይቼ ደስ አለኝ፤ ለጓደኞቼም አሳየሁ።

ቅላቱ ስድስት ወር አልቆየም። ሰውነት ወደ ራሱ ቀለም ይመለሳላ። ሰው ሁሉ “ምን ሆንሽ?” ይላት ጀመር። እንደገና ጠየቀችኝ። ብልቃጡ ተወዶብኝ ነበር፤ በምትኩ ክሬም ላክሁ። ውስጡ ምን እንዳለ እንኳ በቅጡ ያልተጻፈበት ክሬም። እንደ በፊቱ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ስሟን ጽፌ። ሁለት ዓመት ተቀባችው። ከዚያ ጉንጯ ሳሳ፣ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ይታዩባት ጀመር። ለአንድ ሳምንት ስታቆም ፊቷ እንደ እሳት ይነዳል። ግንባሯና ጉንጯ ላይ ማድያት ወጣ፣ ያውም ሳትቀላ ከነበረው ቀለሟ የጠቆረ።

በመጣሁ ጊዜ አለርት ወሰድኳት። አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ነው፤ የቆዳ ሕክምና ሲነሳ ዛሬም ብዙ ሰው የሚሄደው እዚያ ነው። ሐኪሙ “የተቀባሽውን ይዘሽዋል?” አላት። ከቦርሳዋ ፌስታሉን አወጣች። ስሟ በእኔ እጅ ጽሑፍ እንደተጻፈ ነው። ሐኪሙ ቱቦውን ገለባብጦ አየና ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይቀባ መድኃኒት ነው አለ። “ከየት አመጣሽው?” ሲላት አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። “ከገበያ” አለች።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለዚያች “ከገበያ” ላለችው ቃል ነው። የምትልኩላቸው ሰዎች አይከሷችሁም። ወጪያችሁን አይተው፣ ድካማችሁን አስበው፣ ዝም ይሏችኋል። ዝምታቸውን እንደ ምርቃት አትቁጠሩት። ከብልቃጡ በኋላ ክሬም ይመጣል። ክሬሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል ወይም ስቴሮይድ፣ አንዳንዱ ውስጥ ጭራሽ ሜርኩሪ አለ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ እርጉዝ ከተቀባችው ለሆዷም ልጅ ይተርፋል። በስጦታ ወረቀት የጠቀለላችሁት ይኼ ነው።

4. ማምጣት ካለባችሁ

የመከላከል ልኩ (ኤስፒኤፍ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ። በጎረቤት አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ካለ መጀመሪያ ለእሱ። የተረፈውን ብር ለምግብ ላኩ። ሰውነት ግሉታታዮን የሚሠራበትን ሲስቲን ከእንቁላል፣ ከምስርና ከሥጋ ያገኛል። ቫይታሚን ሲ ካስፈለገ ዘይቱን የሚባለው ፍሬ (ጓቫ) ከብርቱካን ይበልጣል። ቲማቲም በዘይት ሲበስል ላይኮፒን የሚባለው አንቲኦክሲዳንቱ ይበልጥ ለሰውነት ይደርሳል፤ እናቶቻችን ስልስ የሚሠሩት እንደዚያ ነው። እናንተም በክረምቱ ጨለማ የምትኖሩ የቫይታሚን ዲ ምርመራ አድርጉ። ጥቁር ቆዳ በትንሽ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ በበቂ አይሠራም።

5. “ጠቆርሽ!”

አሁን ዋናውን ልናገር። ይህን ነገር ያመጣው ብልቃጡ አይደለም። አፋችን ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ስመጣ እናቴ ቦሌ ላይ አቅፋኝ “ቀላሽ! ውጭ ተስማማሽ!” አለች። ዘመድ ሁሉ ተቀበላት። እኔ የተስማማኝ ነገር አልነበረም። ሌሊት እየሠራሁ፣ ቀን መጋረጃ ዘግቼ እየተኛሁ፣ ስድስት ወር ፀሐይ ሳላይ ነው የመጣሁት። የቀላሁት ከድካም ነው። ያን ቀን ግን አልነገርኳቸውም። እህቴ ያኔ 14 ዓመቷ ነበር፤ ሻንጣዬን እየጎተተች ፊቴን ታየኝ ነበር። ጠይም ናት። ወዟ የሚያበራ፣ ሰው ዞር ብሎ የሚያያት ጠይም። አንድም ሰው ግን ያን ቀን “እንዴት አምሮብሻል” አላላትም።

እናንተም ስትመጡ ይህንኑ ታደርጋላችሁ። ከሻንጣ በፊት አፋችሁ ይከፈታል። “ውይ ጠቁረሻል፣ ምን ነክቶሽ ነው?” ፀሐይ ነክቷት ነው። ሠርታ፣ ተሰልፋ፣ ልጅ አዝላ ነው። በልጅ ፊት “ቀይዋ ማንን ወጣች? ጥቁሯስ?” ትላላችሁ። ልጅ ይህን አይረሳም።

ባለፈው ወር አንድ ዘመዳችን ከውጭ መጣ። እህቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቡና ታፈላ ነበር፤ ፊቷን ፀሐይ እንዳይነካው እንዲህ ሆናለች። ልጇ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እንደ እናቷ ጠይም። ቄጤማውን እየጎዘጎዘች ነበር። ሰውየው አየት አደረጋትና “ይቺ ደግሞ ጠቆረችሳ!” አለ። እህቴ አልመለሰችለትም። በረካው ሳይፈላ ረከቦቱን አንስታ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች።