ቀርከሃዎ እንዲወፍር ከፈለጉ ሙልጭ አድርገው አይቁረጡት

ከዳባት አንድ አንባቢ ጥያቄ ልከውልኛል። ከ4 ዓመት በፊት በጓሯቸው ጥግ፣ ወንዙ ዳር ቀርከሃ ተክለው ነበር። አሁን ጥቅጥቅ ብሏል፤ ግን ዘንጉ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ለወንበርና ለአልጋ የሚሆን ወፍራም ቀርከሃ ነው የሚፈልጉት። ጎረቤታቸው ደግሞ «ክረምት ሲገባ ሙልጭ አድርገህ ቁረጠው፣ ወፍሮ ይመጣል» ብለዋቸዋል። እውነት ነው ወይ?

እባክዎ እንዳይቆርጡት። ጎረቤትዎ ባህር ዛፍ ለምደው ይመስለኛል። ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቀርከሃ ግን አዲስ ዘንግ የሚያወጣው ከመሬት በታች ካለው ግንዱ ነው። ያ ግንድ ምግቡን የሚያገኘው ከላይ ከቆሙት ዘንጎች ቅጠል ነው። ቅጠሉን ካጠፉበት የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያ ከአሁኑም ቀጥኖ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። የቀርከሃ ዘንግ እንደ ዛፍ በየዓመቱ አይወፍርም። ቡቃያው ከመሬት ሲወጣ የያዘው ውፍረት የዕድሜ ልኩ ነው። ቁመቱን በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ መጠንከር ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን ያለው ቀጭን ዘንግ ምንም ቢንከባከቡት ያው ነው። የሚወፍረው ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ያንን የሚመግበው ደግሞ ይኸው ቀጭኑ ነው። በ4 ዓመቱ ቢቀጥን አይደንግጡ፣ ገና ልጅ ነው።

ማሳሳት ግን፣ ማለትም ከጥቅጥቁ ውስጥ አንዳንዱን ዘንግ እየመረጡ ማውጣት፣ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ዕድሜውን ይለዩ። የዘንድሮው ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ የቡቃያው ሽፋን ገና አልረገፈለትም፣ አንጓው አካባቢም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለው። 3 ዓመት ያለፈው ቀለሙ ደብዝዞ ግራጫ ነጠብጣብ ይይዛል። ካሁን ወዲያ ግን በዓይን ከመገመት በየዓመቱ የወጣውን ዘንግ ዓመተ ምሕረቱን በቀለም ይጻፉበት። ቀላል ነው፣ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

መጀመሪያ የደረቀውንና የተሰበረውን ያውጡ። ቀጥሎ 3 ዓመት ካለፈው ውስጥ ቀጫጭኑን፣ ያውም አጠገቡ ወፈር ያለ ካለ ብቻ። የዘንድሮውንና የአምናውን አይንኩ። በአንድ ዓመት ከሲሶ በላይ ማውጣት ለማንኛውም ቀርከሃ ይበዛል፤ ለእርስዎ ለዘንድሮ ሩቡ ይበቃል ባይ ነኝ። ከመሃል ያሳሱ፣ ዳር ዳሩን ይተዉት።

ጊዜው በጋ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት። ክረምት ቡቃያው የሚወጣበት ወቅት ስለሆነ መቁረጡ ይቅርና ውስጡ መመላለሱም ይጎዳዋል። በመጋዝ ይቁረጡ፤ ገጀራ ጉቶውን ይሰነጥቀዋል። ለመሬት ከሚቀርበው አንጓ ትንሽ ከፍ ብለው ይቁረጡ። አንጓው ድፍን ስለሆነ ጉቶው ውሃ አያቁርም፣ ቶሎም አይበሰብስም።

የረገፈውን ቅጠል ጠርገው አያቃጥሉ። እዚያው ይተዉት፤ እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስም ማዳበሪያ ይሆናል። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠና የበሰለ ፍግ ይጨምሩበትና አፈር ያልብሱት።

ከሁሉም በላይ ግን አጥር! ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንዲት ላም ከገባች ለስላሳውን ቡቃያ ነው የምትበላው። ጫፉ የተበላ ቡቃያ ደግሞ ከእንግዲህ ዘንግ አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ የለፉበት በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ሌላው ሥራ ቢቀር እንኳ አጥሩ እንዳይቀር።

አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ። ከሚያወጡት አንዱን ቆርጠው ውስጡን ይዩት። ባዶ ከሆነ የደጋው ቀርከሃ ነው፤ ለዳባት ብርድ የሚስማማው እሱ ነው። ድፍን ከሆነ ግን ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ሽመል እንደ መተማና ቋራ ያለ ቆላ ይወዳል። ደጋ ላይ ምንም ቢደክሙለት የሚመኙትን ውፍረት አይሰጥዎትም።

ለወንበር የሚሆነው ሲደርስልዎ 3 ዓመት ያልሞላውን አይቁረጡ። ለጋ ቀርከሃ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ቶሎ ይገባዋል። እስከዚያው የሚያወጡትን ቀጫጭን አይጣሉት፤ ለዚያው አጥር፣ ለቲማቲም ድጋፍ፣ ተሰንጥቆም ለቅርጫት ይሆናል።