የአንባቢያን ጥያቄ፦ የቤት ደህንነት ካሜራን በራስ እጅ መግጠም

ጥያቄ፦ ካሜራዎቹን ራሴ ገጠምኩ። የግቢው በር ላይ ያለው ቀን ቀን ደህና ይሠራል፤ ሲመሽ ግን እየጠፋ መልሶ ይበራል። በሌላ ካሜራ ብተካውም ያው ነው። የ12 ቮልት ሽቦው 40 ሜትር ያህል ይርቃል።

መልስ፦ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ሲጨልም ካሜራው በጨለማ ለማየት የሚረዱትን የኢንፍራሬድ መብራቶቹን ስለሚያበራ የሚስበው ኃይል ከእጥፍ በላይ ሊጨምር ይችላል። 0.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ንጹህ የመዳብ ሽቦ በ40 ሜትር ርቀት፣ ደርሶ መልሱ 80 ሜትር ነውና፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት 2.8 ኦም ያህል ይቋቋማል፤ ካሜራው ብዙ አምፒር በሳበ ቁጥር በሽቦው ላይ የሚባክነው ቮልት ይጨምራል። ካሜራው ቀን 0.25 አምፒር የሚስብ ከሆነ 11.3 ቮልት ይደርሰዋል፤ ማታ 0.6 አምፒር ሲስብ ግን 10.3 ብቻ። ከ10.8 ቮልት በታች ብዙ ካሜራ በአግባቡ መሥራት አይችልም። ካሜራው ሲጠፋ መብራቶቹም ይጠፋሉ፣ ቮልቴጁ ያገግማል፣ ካሜራው ይነሳል፣ መብራቶቹን ሲያበራ ደግሞ ይወድቃል።

ለማረጋገጥ በጠራራ ፀሐይ የካሜራውን ፊት በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑት። መብራቶቹ በርተው ካሜራው ከጠፋ ምክንያቱ ተገኘ። ቮልቱን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለኩም በካሜራው ጫፍ ይሁን፤ አዳፕተሩ ጋ ሁልጊዜ 12 ነው የሚያነቡት።

1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢዘረጉ ማታ 11.2 ቮልት ያህል ይደርሳል። ካልሆነ አዳፕተሩን ወደ ካሜራው ያስጠጉ። ገና ያልገዛ ሰው ግን በኔትወርክ ኬብል ኃይል የሚያገኝ ካሜራ እንዲመርጥ አጥብቀን እንመክራለን፦ በ48 ቮልት አካባቢ ስለሚሠራ የሚስበው አምፒር ትንሽ ነው፤ አንድ ካት 6 ኬብልም ምስሉንና ኃይሉን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ኬብሉን ሲገዙ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ይፋቁት። ከውስጥ ነጭ ሆኖ ከወጣ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነውና ይመልሱት፤ የመቋቋም መጠኑ ከመዳብ በግማሽ ያህል ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ካሜራዬ 4 ሜጋፒክስል ነው፤ ታዲያ የሰው ፊት ለምን አይለይም?

መልስ፦ የማያውቁትን ሰው በፊቱ ለመለየት በ1 ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክስል ያስፈልጋል። የእርስዎ ካሜራ ምስል ወደ ጎን 2560 ፒክስል ከሆነ፣ የሚያየው ስፋት ከ10 ሜትር ሲያልፍ ፊት መለየት ያስቸግራል። 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ እዚህ ስፋት ላይ የሚደርሰው 4 ሜትር ገደማ ርቆ ነው፤ 4 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ 6 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ለግቢው ሰፊ የሚያየውን 2.8 ሚሊሜትር፣ ለበሩ ጠበብ አድርጎ የሚያየውን 4 ሚሊሜትር ይጠቀሙ። ከፍታው ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ የሚቀረጸው አናት ነው። ማታ ምስሉ እንደ ጉም ከነጣ ደግሞ የኢንፍራሬዱ ብርሃን ከቅርብ ግድግዳ፣ ከጣሪያ ክፈፍ ወይም ከሸረሪት ድር ላይ እየተመለሰ ነውና ካሜራውን ትንሽ ያዙሩት፣ ድሩንም ይጥረጉ።

ጥያቄ፦ ለ4 ካሜራ 2 ቴራባይት ዲስክ ይበቃል?

መልስ፦ እያንዳንዱ ያለማቋረጥ በ4 ሜጋቢት በሰከንድ ከቀረጸ በቀን 43 ጊጋባይት ይፈጃል። አራቱ 173 ስለሚሆኑ ዲስኩ 11 ቀን ገደማ ይይዛል፤ ከዚያ አዲሱ አሮጌውን እየሻረ ይቀጥላል። አንድ ወር ከፈለጉ 6 ቴራባይት ይግዙ፣ ያውም ለካሜራ መቅጃ ተብሎ የተሠራውን፤ የተለመደው የኮምፒውተር ዲስክ ሌት ተቀን ለመጻፍ አልተሠራም።