ድንጋዩ ከየት እንደተነሳ ጻፉ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ የጂኦሎጂ ተመራቂ የጥቁር ድንጋይ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ኮሎምባይት ነው ወይስ ታንታላይት?» ይላል። ከየት እንዳነሳው ጠየቅኩት። «ሰው ነው የሰጠኝ፤ ከሻኪሶ በኩል መሰለኝ» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። «መሰለኝ» የምትለዋ ግን የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችው።

ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ማዕድናት ናቸው። ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ኦክስጅን፣ እንዲሁም ኒዮቢየምና ታንታለም የሚባሉ ሁለት ብርቅ ብረታ ብረቶች አሉባቸው። ኒዮቢየሙ ከበዛ ኮሎምባይት፣ ታንታለሙ ከበዛ ታንታላይት እንላለን። ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ በፎቶ አይለዩም። ክብደታቸው ግን ይለያል። ኮሎምባይት ከውኃ 5 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ታንታላይት እስከ 8 እጥፍ ይደርሳል።

በወጣትነቴ አዶላ አካባቢ አንድ ፔግማታይት ላይ እንቆፍር ነበር። ፔግማታይት የቀለጠ ግራናይት ቀዝቅዞ መርጋቱ ሊያበቃ ሲል ከሚቀረው ፈሳሽ የሚወጣ ዓለት ነው። ያ ፈሳሽ ውኃ፣ ፍሎሪን፣ ሊትየም የመሳሰሉትን ስለያዘ ክሪስታሎቹ ግዙፍ ይሆናሉ። ከጉድጓዱ የወጣውን ዓለት በእንጨት ሣጥን እንደረድራለን። በየሣጥኑ ላይ የጉድጓዱን ቁጥርና ጥልቀቱን በቀለም እንጽፋለን። ሣጥኖቹን በተርታ ስታዩ ፔግማታይቱ ከዳር እስከ ውስጥ እንዴት እንደተሠራ ይታያችኋል። መጀመሪያ ፌልድስፓርና ሚካ የሚባሉ ማዕድናት ናቸው፤ ደቃቅ ናቸው። ከዚያ ክሪስታሉ እየተለቀ ይሄዳል። ወደ ውስጥ ሲገባ ስፖዱሚን የሚባለው፣ ሊትየም ያለበት ረጃጅም ማዕድን ይመጣል። ጥቁሩ ማዕድን በሁሉም ውስጥ ይገኛል፤ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኒዮቢየም ቀድሞ ይረጋል፣ ታንታለም በቀሪው ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ዳሩ ላይ ኒዮቢየም ይበዛል፤ መጨረሻ የረጋው ላይ ታንታለም ይበዛል።

ይህንን ከመጽሐፍ በፊት ያሳዩን አብረውን የሚሠሩ አንድ የጉጂ አዛውንት ናቸው። ወርቅ እያጠቡ ያደጉ ሰው ነበሩ። የተፈጨውን ዓለት በገበቴ ያጥባሉ። ነጩ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ ጥቁሩ ከታች ይቀራል። ጥቁሩን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አድርገው «ይሄ ከዳር ነው፤ ይሄ ከውስጥ ነው» ይሉናል። ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ የላቦራቶሪው ውጤት ከቃላቸው ጋር ይገጥም ነበር። ቡና ቀላ ያስለመዱንም እሳቸው ናቸው። በቅቤ የተጠበሰው የቡና ፍሬ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ከዓመታት በኋላ መሥሪያ ቤቱ መጋዘኑን ለሌላ ዕቃ ፈለገው። ሣጥኖቹ ወደ ውጭ ወጡ። የዝናብ ወቅት ስለነበር ቀለሙ ታጠበ። እንጨቱ ማገዶ ሆነ፤ ዓለቱ ግቢ ውስጥ ተደፋ። ስንቃወም «ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው» ተባልን። አዛውንቱ ክምሩ አጠገብ ቆመው አንዱን ሲያነሱ ሌላውን ሲያስቀምጡ አይቻቸዋለሁ። ዓለቱ አልጠፋም። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከጥልቁ እንደወጣ ግን ማንም ሊናገር አይችልም። ያን ሁሉ ቁፋሮ እንደገና ካልቆፈሩት በቀር የሚመልሰው የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ1801 ቻርልስ ሃቼት የተባለ እንግሊዛዊ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከተቀመጠ ጥቁር ድንጋይ አዲስ ንጥረ ነገር አገኘ። ዛሬ ኒዮቢየም የምንለው ነው። ድንጋዩ ከሰሜን አሜሪካ፣ ከኮኔቲከት እንደተላከ ይነገራል። ትክክለኛ ቦታው የቱ ነው የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል።

የዛሬ ልጆች ካርታ በኮምፒውተር ስትሠሩ እጃችሁ ፈጣን ነው። መስክ ላይ ግን ቶሎ ይሰለቻችኋል፤ ደብተርም አትይዙም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሻኪሶ ላይ ኤመራልድ የሚባለው አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ሲወጣ ስንቱ ወጣት ዋጋውን ብቻ ሲጠይቅ ሰማሁ! ኤመራልድ ቤሪሊየምና ክሮሚየም የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይፈልጋል፤ የፔግማታይቱ ቤሪሊየም ክሮሚየም ካለበት ዓለት ጋር ስለተገናኘ ነው እዚያ የተገኘው። ያንን መጋጠሚያ የሚከተል ሰው ቀጣዩን ቦታ የማግኘት ዕድል አለው። ደግሞ ልሟገትላችሁ። ስልካችሁ የቆማችሁበትን ቦታ በሰከንድ ይነግራችኋል፤ እኛ በኮምፓስና በእርምጃ ነበር የምንለካው። ያ ስልክ በእኛ ጊዜ ቢኖር ኖሮ የእያንዳንዱን ሣጥን ፎቶ በኪሳችን ይዘን እንቀር ነበር። ምናልባት ደብተሩም የግድ አይደለም። ፎቶ ስታነሱ ግን ከድንጋዩ ጎን ያለውን ማዕድን፣ ከዳሩ ያለውን ርቀትም አስገቡ።

በጉጂ ስላለው የቀንጢቻ የማዕድን ቦታ ብዙ ይወራል። ታንታለምም ሊትየምም ያለበት ፔግማታይት ነው፤ ኮሎምባይቱ ሲለካ ዕድሜው ወደ 530 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ያ ዕድሜ የቀንጢቻ ነው ማለት የሚቻለው ናሙናው ከየት እንደተነሳ ሲታወቅ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። አባቱ ወይም አያቱ በማዕድን ፍለጋ የሠራ ሰው ከመካከላችሁ አለ። ቤት ውስጥ አሮጌ የመስክ ደብተር ይኖራል። ለቆሎ መጠቅለያ ከመሸጡ በፊት ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት። የጉድጓድ ቁጥርና ጥልቀት ያለባቸውን ገጾች አስቀድሙ። ጽሑፉ ካልተነበበላችሁ ለእኔ ላኩልኝ፤ የዚያን ዘመን የእጅ ጽሕፈት አሁንም አነባለሁ።