ደቅ ደሴት ላይ ዓሣ ማስገር ለመጀመር ላሰበው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። «ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ ጣና ሐይቅ ላይ ደቅ ደሴት ካሉት ዘመዶቼ ዘንድ ሄጄ ዓሣ ላሰግር ነው፤ ታንኳ ይሻለኛል ወይስ የጣውላ ጀልባ?» ያልከውን ሳነብ፣ እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳብ ይዤ ከባሕር ዳር የተሻገርኩ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

1. በታንኳ ጀምር። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየቀኑ ዳር አውጥተህ ካላደረቅኸው ቶሎ ይበሰብሳል፤ ሆኖም ከስሮ ለመማር ከእሱ የሚረክስ የለም።

2. መረብህን ማታ ጥለህ፣ ጫፉ ላይ ባዶ ሃይላንድ ለምልክት አስረህ፣ ማለዳ አንሣ፤ ከቀትር በኋላ ጣና ነፋስ ይነሣበታል። በክረምት ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ የወንዝ አፍ ላይ መረብ አትዘርጋ፤ የከርሞውን ነው የምታጠፋው።

3. የማስገር ፈቃድህን ሳትጨርስ ዓሣ አትጫን። እኔን ያከሰረኝ ይህ ነው። ለምዝገባ ሁለት ጊዜ ወደ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄጄ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» ተብዬ ነበር፤ ሐይቅ ለተሻገረ ሰው ነገ ማለት የአልጋና የጀልባ ሒሳብ መሆኑን ማን ይንገራቸው? በዐቢይ ጾም ገበያው ሲደራ አላስችል ብሎኝ አርባ ኪሎ ያህል ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ በሞተር ጀልባ ጭኜ ብሻገር፣ ወደቡ ላይ ተይዤ ወደዚያው ቢሮ ተላክሁ። የቢሮው ሠራተኛ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «የቀበሌው ማኅተም አይነበብም» ብሎ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቆመኝ። በረዶ የለኝም፤ በእርጥብ ጆንያ ብቻ ነበር የሸፈንኩት። ስመለስ ቀይ የነበረው የዓሣው ስንጥብ ጠቁሯል። ደንበኛዬ የነበረው የምግብ ቤት ገዥ አንዱን በጣቱ ጫን አደረገው፤ የጎደጎደው ሥጋ አልመለስ ሲል እጁን ታጥቦ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ፈቃዴን ከነቅጂው በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የምይዘው። ጀልባ የቀረ ዕለት ደግሞ ዓሣውን ሰንጥቄ፣ ጨው ነስንሼ ቋንጣ አደርገዋለሁ፤ ወደ መተማ የሚወስዱ ነጋዴዎች ይገዙታል። ዋጋው ከትኩሱ ቢያንስም፣ ቋንጣ ኃላፊው ከስብሰባ እስኪወጡ ድረስ ይጠብቃል።

የጣውላውን ጀልባ የገዛሁት በሦስተኛው ዓመት፣ ያውም በቋንጣው ገንዘብ ነው። አንተም ገንዘብህን ለመረብና ለፈቃዱ ምልልስ አስቀምጠህ፣ የመጀመሪያውን ዓመት በዘመዶችህ ታንኳ ሥራ።