መልስ፦ የትኛው ቡሬ?

ወንድሜ፣ «ከጅማ ቡሬ የሚኬደው በየት ነው? አንዱ በጎሬ፣ ሌላው በነቀምቴ ይለኛል» ብለሃል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚነግሩህ ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ነው።

የኢሉባቦሩ ቡሬ ከሆነ በአጋሮ፣ በበደሌና በመቱ አድርገህ፣ ጎሬን አልፈህ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። የጎጃሙም ቢሆን እስከ በደሌ መንገዱ ያው ነው፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በደሌ ላይ ወደ ነቀምቴ ትታጠፍና ዓባይን ተሻግረህ ቡሬ ትገባለህ። ስለዚህ መናኸሪያ ስትደርስ «ቡሬ» ስላሉህ ብቻ እንዳትሳፈር! «በመቱ ነው በነቀምቴ?» ብለህ ረዳቱን ጠይቅ። ዕቃ የምትልክ ከሆነማ የዞኑንም ስም ጻፍበት፣ የተቀባዩንም ስልክ ጨምር። አፋር ውስጥ፣ በአሰብ መንገድ ኤርትራ ድንበር ላይ ሦስተኛ ቡሬ አለ፤ እሱ ያንተን ጉዳይ አይነካም።

እኛ ጅማዎች ይሄ ነገር በደንብ ይገባናል። ወለጋ ውስጥ ጅማ አርጆ፣ ጅማ ራሬና ጅማ ገነቲ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። ሊሙም እንደዚሁ ነው፦ የኛው የቡናው ሊሙ አለ፣ ምሥራቅ ወለጋ ሌላ ሊሙ አለ፣ አርሲ ደግሞ ሊሙና ቢልቢሎ አለ።

ካርታ ላይ ስትፈልግ መጀመሪያ የመጣልህን ዝም ብለህ አትቀበል። አጠገቡ ያሉትን ከተሞች እይ። ጎሬን ካየህ የኢሉባቦሩ ነው፣ ፍኖተ ሰላምን ካየህ የጎጃሙ።